ማን ቀድሞ ፈራ?

በጡረታ የተገለልሁ ዕለት ፒያሳ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ የመሸኛ ግብዣ ተደርጎልኝ ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰዓት ተሸለምሁ፤ ጋቢም አለበሱኝ። ዋናውን ንግግር ያደረገው ጌታሁን ነው። ጌታሁን በደርግ ዘመን በማታው ክፍል ያስተማርሁት ሰው ነው፤ ያን ጊዜ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቀጥሎ ካድሬ ሆነ፤ መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ጥቂት ዘመን ድምፁን አጥፍቶ ቆይቶ የትምህርት ጉዳይ ኃላፊ ሆኖ ብቅ አለ። ንግግር ድሮም ያምርበታል። ማይክሮፎኑን ጨብጦ፣ «መምህራችን ሁለቱንም ወገን እንድንሰማ ያስተማሩን ሰው ናቸው!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እኔ የማየው ወደ መጨረሻው ረድፍ ነበር። እዚያ፣ በሩ አጠገብ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሻላሞ ተቀምጧል። አዋሳ አጠገብ ካለችው ቱላ የመጣው እኔ ጠርቼው ነው። አስተናጋጆቹ ማን እንደሆነ ስላላወቁ፣ «የቤትዎ ሠራተኛ ናቸው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «ተማሪዬ ነው» አልኋቸው። ጌታሁን ያሞገሳት ትምህርት ዋጋዋን ያስከፈለችው ይህንን ሰው ነው። እንዴት እንደሆነ ለመጻፍ ከሥሩ መጀመር ይኖርብኛል፤ የታሪክ መምህር ከመካከል መጀመር አያምርበትም።

በንጉሡ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ አጠናሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ፣ ሂትለርን ለማሸነፍ አብረው የተሰለፉት አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ድሉ በተገኘ ማግሥት ስለምን ጠላት ሆኑ የሚል ነበር። መጀመሪያ የተመደብሁት ይርጋ ዓለም ነው። ደመወዙ ለብቸኛ ወጣት የሚበቃ ስለነበር ስለ እርሱ የምለው የለኝም። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ካርታ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኛ መምህራን ትተውት የሄዱት ሲሆን፣ ጣሪያው የሚያፈሰው ዝናብ አውሮፓን በሙሉ አጥቦ ወስዶታል። አውሮፓን ያለ ካርታ ማስተማር ስለማይቻል በእጄ መሣል ተለማመድሁ። ለዓመታት የማምነው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ካርታውን በእጁ መሣል የማይችል መምህር ምዕራፉን አላወቀውም።

ወደ አዋሳ የተዛወርሁት አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ነበር። እዚያ የታሪክ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ አስፋው ይባላሉ። ጎጃሜ ናቸው፤ በልጅነታቸው ቅኔ ተምረው፣ በኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ጨርሰው የመጡ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው። ማስተማርን የተማርሁት ከእርሳቸው እንጂ ከዩኒቨርሲቲው አይደለም።

ጋሽ አስፋው አዲስ ጠመኔ ሲይዙ አስቀድመው ለሁለት ይሰብሩታል፤ ሙሉ ጠመኔ ይጮኻል ይላሉ። ርዕስ አይጽፉም። ስለ ሁለቱ ኃያላን ጠብ ሲያስተምሩ የመጀመሪያው መሥመር ጀርመን ውስጥ ያለው የኤልቤ ወንዝ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች ቁልቁል፣ እንደ ተጣለ መቀነት። ከምሥራቅ አንድ ቀስት፣ ከምዕራብ አንድ ቀስት ሥለው ወንዙ ላይ ያገናኟቸዋል። «ሁለቱ ጦሮች እዚህ ተጨባበጡ፤ ተቃቅፈው ፎቶግራፍ ተነሡ» ይላሉ። ከዚያ ወደ መድረኩ ቀኝ ጫፍ ሄደው በሞስኮ አፍ ይናገራሉ፦ «ጀርመን በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ጊዜ በፖላንድ በር ገብቶ ፈጀኝ። ሁለተኛውን ግንባር ክፈቱልኝ ስል ዘገያችሁ። አቶም ቦምቡን ከእኔ ሰውራችሁ ሠራችሁት። በሬን ልዝጋ ብል ስለምን ትቆጡኛላችሁ?» ቀስ ብለው ወደ ግራው ጫፍ ይሻገሩና ደግሞ በዋሽንግተን አፍ፦ «ያልታ ጉባኤ ላይ ነጻ ምርጫ ይደረጋል ብለህ ተስማማህ። ነገር ግን ጦርህ በረገጠው አገር ሁሉ ያንተ ሰዎች ሥልጣን ያዙ። ዛሬ ፖላንድ፣ ነገ ግሪክና ቱርክ፤ የት ላይ ትቆማለህ?»

በመጨረሻ መካከል ላይ ይቆማሉ። ፍርድ አይሰጡም። «ማን በደለ አትበሉ» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው፤ «ማን ቀድሞ ፈራ በሉ። በዳይ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ፈሪ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ነው።» ከዚያም ሰሌዳውን በገዛ እጃቸው ያጠፉታል። ተማሪ እንዲያጠፋላቸው አይፈቅዱም፤ አንዲት ነጭ ነጥብ እስክትጠፋ ደጋግመው ያሹታል። ንጽሕና ወዳድ ናቸው ብዬ አደንቃቸው ነበር።

አብዮቱ መጣ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አገራችን ራሷ ወንዙን ተሻገረች፤ የትናንቱ የአሜሪካ ወዳጅ የሶቪየት ወዳጅ ሆነ፤ የጦሩ መሣሪያም እንደዚያው ተለወጠ። ከመጽሐፋችን ውስጥ ያ ሰፊ ምዕራፍ ወጥቶ በምትኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ገባ፤ ጠቡን የጫረው ኢምፔሪያሊዝም ብቻ መሆኑን የሚገልጽ። ጋሽ አስፋው ማስተማራቸውን አላቆሙም፤ ወደ መድረኩ ግራ ጫፍ መሻገራቸውን ግን አቆሙ። በመስኮት አሻግሬ ሳያቸው ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ቀኝ ጫፍ ላይ ተተክለው ይውሉ ነበር። የማታውን ክፍል ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ወጣት ነህ፤ እኔ ዓይኔ ደከመ» አሉኝ። ዓይናቸው ደኅና ነበር።

የማታው ተማሪዎች ከሥራ የሚመጡ ጎልማሶች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ሻላሞ ነበር፤ በአንድ መጋዝ ቤት እንጨት ሰንጣቂ፣ የቱላ ሰው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ የልጆቹ አስተማሪ መሆን ይመኝ ነበር። አማርኛን የተማረው አድጎ ስለሆነ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመናገሩ በፊት በአፉ ውስጥ የሚያገላብጠው ይመስለኝ ነበር። የሲዳማ ልጆች አብዛኞቹ እንዲሁ ነበሩ፤ ፈተና ላይ ጎበዝ፣ ክፍል ውስጥ ዝምተኛ። ጌታሁንን የመሰሉት ደግሞ ሳይጠየቁ ይመልሳሉ። ይህ ያናድደኝ ነበር።

መብራት አዘውትሮ ይጠፋ ስለነበር፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ማስተማር ጀመርን። እዚያ ተቀምጬ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። አንድ ጊዜ ቱላ ሄጄ ሶንጎ ሲካሄድ አይቻለሁ፤ ሶንጎ የሲዳማ ሽማግሌዎች ጠበኞችን ከዛፍ ሥር አስቀምጠው የሚሰሙበት ሸንጎ ነው። አንዱ ይናገራል፤ እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም። ከዚያ ሌላው ይናገራል። የጋሽ አስፋው ሁለት ጫፍ እዚህ ሥጋ ለብሶ አገኘሁት። እንዲህ ባደርገው ዝምተኞቹም አፋቸው ይፈታል ብዬ አሰብሁ። አሁንም ቢሆን ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም እላለሁ። መጥፎው፣ የሶንጎውን አቀማመጥ አይቼ ሕጉን አለመጠየቄ ነው።

ዕጣ አወጣን። ሶቪየት ለጌታሁን፣ አሜሪካ ለሻላሞ ደረሰች። ሻላሞ ክፍሉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀርቶ ጠበቀኝ።

«መምህር፣ እኔ አሜሪካን አላውቅም። የማላውቀውን ሶንጎ ላይ እንዴት እናገራለሁ?»

«ለትምህርት ነው እኮ ሻላሞ። እንደ ጨዋታ ቁጠረው።»

«ዛፍ ሥር ነው?»

«አዎ።»

«ሽማግሌ ይቀመጣል?»

«ከእናንተው ሦስት ሰው ሽማግሌ ይሆናል።»

አሰብ አደረገና፣ «እንግዲያው የማምንበትን ፈልጌ እመጣለሁ» አለ።

ትጋት መሰለኝ። በሚቀጥሉት ቀናት ያሉኝን መጻሕፍት አንድ በአንድ እየወሰደ ሲመልስ፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ፣ እንዲህ ያለ ተማሪ አገኘሁ ብዬ ኮራሁ።

ቀኑ ደረሰ። ተማሪዎቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ደርቷል።

«ሻላሞ፣ ዶላሩ ደረሰህ?» አለ ጌታሁን፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አልደረሰም። ያንተ ሩብል ቀድሞ ከመጣ ሻይ ትጋብዘኛለህ።»

«እንሰትህን ጭምር ለኢምፔሪያሊስት ሸጠሃል እያሉ ነው ሰዎቹ!»

«ቆጮ የሚበላ አሜሪካዊ ካገኘህ ላክልኝ፤ ሸጬለት ትርፉን ላንተ እሰጣለሁ።»

ጌታሁን ቀድሞ ተናገረ። ንግግሩ ከውይይት ክበብ የተገለበጠ ነበር፤ ድምፁ ግን ዋርካውን ሞላው። እንደጨረሰ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠቀሰኝ። ከተናገረው አንዲቷን ቃል እንኳ እንደማያምንባት በዚያች ጥቅሻ ነገረኝ።

ሻላሞ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ዝግ ብሎ፣ እንዲህ አለ፦

«ሁለት ጎረቤቶች ከብት የሚጨርስ ነብር አሳድደው አብረው ገደሉ። ነብሩ መካከላቸው ወደቀ። ቀና ሲሉ ሁለቱም ጦር ይዘዋል። አንዱ፣ ‹ነብሩ ሞቷል፤ ይህ ሰው ጦሩን ስለምን አላስቀመጠም?› ብሎ አሰበ። ሌላውም ያንኑ አሰበ። አሜሪካ ፈርታለች። ፈሪ ስለሆነች ቦምቧን ደበቀች፤ ይህ ጥፋት ነው። ሶቪየትም ፈርታለች። ፈሪ ስለሆነች የሰው ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች፤ ይህም ጥፋት ነው። እኔ ለአሜሪካ ቁም ተባልሁ። አሜሪካ ንጹሕ ናት አልልም። ጠቡን ግን ብቻዋን አልጀመረችውም። አንብቤ ያገኘሁት ይህንን ነው።»

ባርኔጣውን አድርጎ ተቀመጠ። በሥራ ዘመኔ በክፍሌ ውስጥ ከተነገሩት ሁሉ የላቀው ያ ነው። እኔ ጽፌ የተመረቅሁበትን እርሱ በአንድ ነብር ጨረሰው።

ወሬው ወደ ላይ እንዴት እንደ ደረሰ አላውቅም። ብዙ ሰው ጌታሁንን ይጠረጥራል፤ እኔ ግን ያላየሁትን አልጽፍም። የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ፈለቀ ሁላችንንም፣ መምህሩንም ተማሪውንም፣ መምህራን ክፍል ሰበሰበን። ጓድ ፈለቀ ጨካኝ አልነበረም፤ ከበላዩ ያሉትን የሚፈራ፣ ነገር ቶሎ እንዲዘጋለት የሚፈልግ ሰው ነበር።

በመጀመሪያ የጠየቀው ጋሽ አስፋውን ነው። «ጓድ አስፋው፣ ሁለቱም ፈሩ የሚለው አነጋገር ከእርስዎ ክፍል የወጣ ነው ይባላል። ‹ማን ቀድሞ ፈራ› የሚል ጥያቄ በትምህርቱ አለ?»

ጋሽ አስፋው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የለም» አሉ። «እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ አላውቅም።»

ጆሮዬን አላመንሁም። ከዚያ ጓድ ፈለቀ ወደ ሻላሞ ዞረ። «ስማ ወንድሜ፣ አንተ ላብ አደር ነህ፤ ችግር አንፈልግብህም። ‹ለትምህርት ተብሎ የተሰጠኝን ወገን ተናገርሁ እንጂ አላምንበትም› በል፤ እንዲሁ ተጽፎ ይዘጋል። ነገ ሥራህ ላይ ትገኛለህ።»

ጌታሁን ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። «በለው እንጂ ሻላሞ! እኔም ብሆን እለው ነበር» አለ፤ ስለ ራሱ እውነት ሲናገር ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

ሻላሞን ላናግረው ፈቃድ ጠይቄ በረንዳ ላይ አወጣሁት።

«አንድ ቃል ነው ሻላሞ። ልጆች አሉህ።»

«አንድ ቃል ብቻ ከሆነ ስለምን ይህን ያህል ፈለጉት?»

«ጨዋታ ነው ብዬህ ነበር እኮ!»

«እርስዎ ብለውኝ ነበር። ዛፍ ሥር ሽማግሌ ፊት ቆሜ ግን ጨዋታ የለም፤ ሃላሌ ነው የሚነገረው።» ሃላሌ በሲዳምኛ እውነት ማለት ነው፤ ሰውየው ግን ከቃሉ የሚከብድ ነገር እየተናገረ መሆኑ ይታየኝ ነበር። «ሶንጎ ላይ ያልሁትን ጥዋት ተነሥቼ አላልሁም ካልሁ፣ አባቴ ዘንድ እንዴት እገባለሁ? ልጄ ነገ ሲከሰስ ማን ያምነዋል? ለዚህ እኮ ነው የማምንበትን ፈልጌ የመጣሁት። ያላመንሁበትን ባገኝ ኖሮ አልቆምም ነበር።»

ተመልሰን ገባን። እኔ፣ «ጓድ ፈለቀ፣ ቃሉ የእኔ ነው፤ አዘጋጅቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

ሻላሞ ብድግ አለ። «መምህር መጻሕፍት ሰጡኝ። ቃሉ የእኔ ነው። ነብሩም የእኔ ነው» አለ።

ወሰዱት። ከሁለት ዓመት በላይ ታሰረ። ሲወጣ ሥራው ላይ ሌላ ሰው ተተክቷል፤ የማታው ትምህርት ምዝገባም ተከለከለ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን አልጨረሰም። ቱላ ገብቶ እንሰትና ጥቂት ቡና ማልማት ጀመረ። እኔን ከታሪክ አውጥተው ጂኦግራፊ እንዳስተምር መደቡኝ። ለዓመታት ወንዞችን ሣልሁ፤ በየትኛውም ወንዝ ላይ ግን ጦር አልተገናኘም። ጌታሁን ካድሬነት የተሾመው በዚያው ዓመት ነው።

ጋሽ አስፋው በጡረታ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ቀን ሐይቁ ዳር አገኘኋቸው። ዓሣ የሚያራግፉትን ጀልባዎች ቆመው ያያሉ።

«ጋሽ አስፋው፣ ጥያቄው የእርስዎ ነበር» አልኋቸው።

«ሰሌዳ ላይ ጽፌው አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«የጻፍሁትንስ ሳላጠፋ ወጥቼ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው ምን ቀረ?» አሉና ወደ ጀልባዎቹ ፊታቸውን መለሱ።

ያ ሁሉ ማሸት፣ ያ አንዲት ነጭ ነጥብ የማይተው እጅ፣ ንጽሕና እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰሌዳውን እንዲያ ያሹት የነበረው በንጉሡም ጊዜ ነው፤ ደርግ ከመምጣቱ በፊት፤ የሚያስፈራቸው ገና ሳይመጣ። እኔ ከእርሳቸው ጠመኔ መስበርን፣ ወንዝ መሣልን፣ በሁለት አፍ መናገርን ወስጄ፣ እጃቸው ዘወትር የሚሠራውን ሥራ ሳላስተውለው ቀረሁ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ልጆች ነበሯቸው፤ ሻላሞም ግን ልጆች ነበሩት።

ደርግ ወደቀ። ሶቪየት ኅብረትም ተበተነች። እኔም ወደ ታሪክ ተመለስሁ። አዲሱን መጽሐፍ ስገልጥ ምዕራፉ ይመለሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ግን አሁንም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጥፋተኛው ብቻ ተለውጧል። ለመምህራን ገለጻ ሊሰጥ የመጣው ሰው ጌታሁን ነበር። ያው ያማረ ድምፅ ነው። የድሮውን ስብከት ተቃራኒ በዚያው ዜማ አሰማን። ሲወጣ እጄን ጨብጦ፣ «መምህር፣ ዘመኑ የእርስዎ ሆነ!» አለኝ። የእኔ ዘመን የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ጭብጨባው ሲበርድ የመድረኩ መሪ ምስጋና እንዳቀርብ ጠየቀኝ። ማይክሮፎኑን ያዝሁ።

«ጌታሁን ሁለቱንም ወገን እንድትሰሙ አስተማረ ብሎኛል» አልሁ። «እናንተ ግን የሰማችሁት አንዱን ወገን ነው። ሌላው ወገን ከኋላ ተቀምጧል። ሻላሞ፣ ተነሥተህ ተናገርልን።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ጌታሁን ሻላሞን ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ የያዘውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ለማስቀመጥ ሲሞክር ጠርዙን ሳተው፤ አጠገቡ ያለው ሰው ያዘለት። ሻላሞ እርጅና ገብቶታል፤ ቱላ ውስጥ አሁን ሶንጎ የሚሰማው እርሱ ነው። ቀስ ብሎ ተነሣ። ባርኔጣውን በእጁ ያዘ። የደረሰበትን ሁሉ ይዘረግፈዋል፤ ጌታሁን በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። አልደብቅም፤ የጠራሁትም ለዚህ ነው።

«መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «እኔ ያን ጊዜ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ቃሌ እዚያው ነው። የለወጠ ሰው ካለ እርሱ ይናገር።»

ተቀመጠ።

ሁሉም ጌታሁንን ያይ ጀመር። ጌታሁን ዙሪያውን ተመለከተ፤ ከዚያ ፈገግ አለና ሁለት እጆቹን ከፍ አድርጎ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላውም ሰው ተከተለው።

ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው እርሱ ነበር።